የሐይቁ ከተማ ዜሮ

በእኔ ክፍል ባዶ የተተወ መልስ ዜሮ ነው። «አላውቅም» ተብሎ የተጻፈም እንደዚያው። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለምኖ ያሸነፈኝ ተማሪ የለም። ባልደረቦቼ «እሾህ» ይሉኛል። ሲሉኝ አይከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። በዚህ መንፈቅ ተማሪዎቼ በቡድን ሆነው አራት ከተሞችን እንዲያወዳድሩ አዘዝኩ፤ ለመኖር የትኛው ይሻላል? «ደስ ይላል» ብሎ ነገር የለም፣ ሁሉም በቁጥር አልኳቸው። የቤት ኪራዩን፣ የውሃ መቆራረጡን፣ ሥራ ቦታ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ አየሩ ላይ ያለውን ብናኝ ከየከተማው ዘገባ ለቅመው ሰንጠረዥ ሞሉ። ከአራቱ ሐይቅ ዳር ያለው ከተማ አንደኛ ወጣ። የእኛ ከተማ መጨረሻ ሆነች፤ ብናኙ ነው ያዋረዳት።

ሰንጠረዡን እቤት ይዤው ሄድኩ። ልጄ አስም አለባት። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፤ ሐኪሟም «ከተቻለ አየር ቀይሩላት» ብሎናል። ይህች «ከተቻለ» እኔንና ባለቤቴን እንቅልፍ ነስታን ከርማለች። የተማሪዎቼን ሰንጠረዥ ሳይ ግን ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ፤ የሐይቁ ከተማ፣ ብናኝ ዜሮ። በማግስቱ ዝውውር ጠየቅኩ። ባለቤቴ ቤት ሊከራይ ቀድሞ ሄደ። ልጄማ መጫወቻዎቿን በካርቶን ከታ ጨርሳለች።

ባለቤቴ ውል በሚፈርምበት ቀን የመጀመሪያው ቡድን ሥራውን ሊያቀርብ ተነሳ። የቡድን መሪዋ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ስታስረዳ «መርፌ» የሚሏት ተማሪ እጇን አወጣች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ዝም ብላ ቆይታ ነው የምትወጋው።

«ይሄን ዜሮ ማን ለካው?» አለች።

የቡድን መሪዋ ማንም እንዳልለካው ተናገረች። ዘገባው ላይ ቦታው ባዶ ነበር፤ ከተማው መለኪያ መሣሪያ እንደሌለው ግርጌው ላይ ተጽፏል። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም ሐሳብ አይታይም።

«ታዲያ ለምን ዜሮ ጻፋችሁ?»

«ቲቸር፣ ባዶ ዜሮ ነው ብለውን የለ እንዴ?»

ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ፈተና ላይ ዜሮ መውደቅ ነው፤ በብናኝ ረድፍ ግን ዜሮ ከሁሉ የሚበልጥ ውጤት ነው። እኔም ልጄን ይዤ ልሄድ የተነሳሁት ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ክፍል ውስጥ ስልክ የምከለክለው እኔው ነኝ። አወጣሁና ለባለቤቴ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል አነሳው፤ ልፈርም ነው፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ አለኝ።

«እንዳትፈርም» አልኩት። «መስኮቱን ክፈተው።»

አከራይዋን ሲያናግራት ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ መስኮት አይከፈትም አለችው። ለምን እንደሆነ ጠይቃት አልኩት። መስኮቱ ሲጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያም እሱ ሲስል።

«ከሐይቁ ማዶ ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ» አለኝ። «ከሰዓት ነፋሱ ወደዚህ ነው የሚዞረው። የመስኮቱን ደፍ በጣቴ ብነካው ዱቄት ነው።»

ክፍሉን ለመርፌ ጥዬ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ። ማመልከቻዬ ገና አልተላከም፤ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝውውር ማለት ገበያ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፣ ዛሬ ካነሳሽው ዘንድሮ ሌላ አታገኚም አለኝ። ከዚያ መለስ ብሎ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲል ቀለደ። ለአስም ሁለቱም አይሻሉም ብዬ ወረቀቱን አነሳሁ። ደረጃውን ስወርድ የልጄን አንድ ዓመት በእጄ የቀደድኩት መሰለኝ።

ስመለስ መርፌ ሰንጠረዡ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዜሮዋን ሰርዛታለች።

«ታዲያ ምን እንጻፍበት?»

«ምንም። ባዶ ተዉት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ማታ ልጄ ካርቶኗ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። መቼ እንደምንሄድ ጠየቀችኝ፤ ወደ ሐይቁ እንደማንሄድ ነገርኳት። አላለቀሰችም። መድኃኒቷን በአፏ ስባ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆይታ ለቀቀችው።

«እና የት ነው የምንሄደው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሁልጊዜ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔ እንደዚህ ብዬ ብጽፍልሽ ዜሮ ነበር የምትሰጪኝ» አለችና ሳቀች። በሳቋ መሀል ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁት።