የኤልሲ መርዶ

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሚስቴ አረጋሽ ጥቁር ቀሚሷን ስትተኩስ አገኘኋት። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ኤልሲ ሞተች አለችኝ። ኤልሲን እኔ አይቻት አላውቅም፤ አረጋሽም አይታት አታውቅም። ስኮትላንድ ውስጥ አርብሮዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የምትኖር አሮጊት ነበረች። ይሁን እንጂ ቤታችን ውስጥ ስሟ ከእኔ ዘመዶች ስም ይበልጥ ይነሣ ነበር።

አረጋሽ እዚህ ጆርጂያ፣ አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር ሚስተር ካርጊል የሚባሉ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ የቀረቻቸው ታናሽ እህታቸው ኤልሲ ብቻ ነበረች። ወጣት ሳሉ በከተማቸው በአርብሮዝ የሣር ማጨጃ ማሽን ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ጆርጂያ ደግሞ ሣር የማያልቅባት አገር ናትና በዚያው ሙያ መጥተው ቀሩ።

ኤልሲ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትደውልላቸው ነበር። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርጉታል፤ ከዚያ ወንድምና እህት በስልክ ከተማቸውን ይዞራሉ። ከወደቡ ይነሡና ነጩ የምልክት ግንብ ጋ ይደርሳሉ። ዓሣ በጭስ የሚያበስሉትን ሰዎች ጓሮ አልፈው ዋናውን መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ፤ መጨረሻቸው የፈረሰው ቀይ ገዳም ነው። መንገድ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ዳቦ ቤቱ በየትኛው ጥግ ነበር፣ የዓሣ ነጋዴዋ ባል ማን ይባል ነበር እየተባባሉ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። አረጋሽ ወጥ ቤት ሆና ትሰማና ቤት ስትገባ ለእኔ ትደግመዋለች። ታከር የሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ውዬ ስለ ስኮትላንድ ገዳም መስማት ደስ አይለኝም፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

ያልተቋጨው ክርክራቸው ስለ ግንቡ ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ ባሕሩ መሃል፣ አለት ላይ፣ ለመርከቦች የሚያበራ ማማ ቆሟል። በድሮ ጊዜ የመብራቱ ጠባቂዎች እዚያ ሲሰነብቱ ቤተሰቦቻቸው የሚኖሩት ወደቡ ጋ ባለው በነጩ ግንብ ነበር፤ የሚነጋገሩትም ግንቡ ላይ በሚሰቀል ምልክት ነው። አንዱ ጠባቂ ልጅ ሲወለድለት ወንድ ከሆነ ሱሪ፣ ሴት ከሆነች ቀሚስ ይሰቀልለት ነበር ይባላል። ታዲያ ሰው ሲሞትበትስ? ሚስተር ካርጊል ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል ይላሉ፤ ሐዘኑ የራሱ ነው። ኤልሲ ደግሞ አለት ላይ ብቻውን ላለ ሰው ሞት አይነገርም፣ ወደ የብስ ወጥቶ ሰው መሃል እስኪገባ ይጠበቃል ትላለች። ስኮትላንድ ልገንጠል አልገንጠል ብላ ድምፅ በሰጠችበት ዓመት እንኳ የዚህን ያህል አልተከራከሩም።

ሐሙስ ዕለት ለአረጋሽ የደወለችላት የኤልሲ ልጅ ናት። እናቴ በእንቅልፏ አረፈች፣ አጎቴ በስልክ ከእናቴ ድምፅ ሌላ አይሰሙም፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ አለቻት። ለአረጋሽ ቀስ ብሎ መናገር አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ሰው እስኪሰበሰብ ደግሞ ቅዳሜ ይሆናል። ፈረንጅ መርዶ አያውቅም፣ ደንግጠው ፖሊስ ይጠሩብናል፣ ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያቸው አልኳት።

“ብቻቸውን በተቀመጡበት ልንገራቸውና ሺፍቴ አለቀ ብዬ ልምጣ?” አለችኝ።

ዓርብ ዕለት ምንም እንዳልተፈጠረ ሾርባቸውን ሰጥታ፣ መድኃኒታቸውን አውጥታ ዋለች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። የሚያስጨንቃት ስልኩ ነው። ኤልሲ የምትደውልበት ሰዓት ሳይደርስ መርዶው ካልተነገረ ሽማግሌው ስልክ ታቅፈው የሞተች እህታቸውን ሊጠብቁ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ የቸርቻችን ሰዎች በየመኪናቸው መጡ፤ ከሩቁ ሰፈር ከኖርክሮስ ድረስ የመጡ አሉ። መርዶውን የሚናገሩት አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ሰው አርድተዋል። የአረጋሽ ጓደኛ ማራኪ ንፍሮ በድስት ይዛለች። እኔ “እዚህ ፓርክ አታድርጉ፣ ቶው ያደርጉባችኋል፣ ጎትተው ይወስዱታል” እያልኩ መኪና አስተናግዳለሁ። ያ ጸጥተኛ ሰፈር ይህን ያህል ጥቁር ለባሽ በአንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሚስተር ካርጊል በፒጃማቸው ከፈቱ። እኛን አዩን፣ ከዚያ አረጋሽንና ጥቁር ነጠላዋን አዩ። ፊታቸው ልውጥ አለ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እጇን ያዙና “እናትሽ ናቸው?” አሏት።

የአረጋሽ እናት ደሴ ታመው እንደተኙ ያውቃሉ። እንዲህ ይሆናል ብሎ ከመሃላችን ያሰበ አልነበረም። አረጋሽ አፏን ስትከፍት ለቅሶ እንጂ ቃል አልወጣላትም። እሳቸውም አቅፈው አስገቧት፤ የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በዱላ የሚሄዱት ሰውዬ ሻይ ሊያፈሉ ወጥ ቤት ገቡ። ልናጽናና የመጣነው ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድረን መጽናናት ጀመርን። አቶ ኃይለመስቀልን ይንገሯቸው እንጂ ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። እንዴት ብዬ ልጀምር አሉኝ በሹክሹክታ። ያን ሁሉ ሰው ያረዱት ሰው ላብ አጥምቋቸዋል።

ሚስተር ካርጊል ሻዩን ይዘው ተመለሱ። አረጋሽ አጠገብ ተቀመጡና ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

“አሁን ኤልሲ ትደውላለች” አሏት። “ለእሷም እንነግራታለን። ሰው ማጽናናት ከእኔ እሷ ትችልበታለች።”

ማራኪ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የማየው ሚስቴን ነበር። ነግሬሽ አልነበረም ማለት አማረኝ፤ ግን አንጀቴን በላችው። አረጋሽ የሻዩን ኩባያ አስቀመጠች። ከወንበሩ ወርዳ ደህና በሚሰሙበት በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

“እናቴ ደህና ናት” አለቻቸው። “የመጣነው ስለ ኤልሲ ነው። ኤልሲ ዛሬ አትደውልም። አርፋለች።”

ስልኩን አዩት። መቼ ነው አሉ፤ ሐሙስ ነው አለቻቸው።

“ትናንት ሾርባውን ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር። ብቻዎን ነበሩ።”

እጃቸውን ከእጇ አወጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩ። ኤልሲን ሳያውቋት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው እያስታወሱ ከልባቸው አለቀሱ። አረጋሽ ግን አላለቀሰችም። የእሳቸው ፊት እንደዞረባት መቅረቱ ነው የጨነቃት፤ አይቼ አውቄባታለሁ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟች ታሪክ ይነሣል። አቶ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው እስቲ እህታችንን የሚያውቅ ይንገረን አሉ። ሁሉም ወደ አረጋሽ ዞረ። አረጋሽ ደግሞ የምታውቀው የኤልሲን ከተማ ነው። እሳቸው እንዲሰሟት በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ጮክ ብላ ጀመረች። ከወደቡ ተነሣች፣ ጀልባዎቹን አሳየችን። ከዚያ ተደናግጣ ገዳሙ ላይ ወጣች። መነኮሳቱ በክቡ መስኮት መብራት እያበሩ መርከበኞችን ይመሩ እንደነበር ነገረችን፤ የስኮትላንድ መኳንንት ነጻነታችንን ብለው ለሮማው ጳጳስ የጻፉት ደብዳቤም የወጣው ከዚያው ነው አለችን።

“ታወሩን ዘለልሽው እኮ” አልኳት በእንግሊዝኛ፣ ሳላስበው። “ዓሣ የሚያጨሱትንም።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሚስተር ካርጊልም ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው አዩኝ።

“ልክ ነው” አሉ። “ግንቡ ይቀድማል።”

አረጋሽ ወደ ግንቡ ተመለሰች። ስለ ሱሪው ነገረች፣ ስለ ቀሚሱ ነገረች። ከዚያ የሚቀጥለው ያ ክርክር መሆኑ ትዝ ሲላት እዚያው ላይ አቋረጠች። ምን እንደቀረ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስተር ካርጊል ቤታቸውን ዙሪያውን አዩ፤ የሚያለቅሱትን ሴቶች፣ አቶ ኃይለመስቀልን፣ የንፍሮውን ድስት።

“እኔ ወዲያው ይነገረው ነበር የምለው” አሉ። “እሷ ሰው መሃል እስኪገባ ይጠበቅ ትል ነበር።” እጃቸውን አረጋሽ ትከሻ ላይ አሳረፉ። “ስንት ዘመን ተከራክረናል። እሷ ነበረች ልክ። ይህን ለእሷ አለመንገሬ ነው የሚቆጨኝ።”

ያኔ አለቀሱ። አረጋሽም አብራቸው አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። ማራኪ ንፍሮውን በሳህን አቀረበችላቸው። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አንድ ፍሬ አነሡና በቀስታ አኘኩ። ስልኩን ገፋ አድርገው ሳህኑን በቦታው አስቀመጡ።

“ቀጥዪ” አሏት። “ገና ገዳሙ ጋ አልደረስንም።”