የሚስተር ሃርዊን አንዲት ኳስ

ሽባባው ነገር ሳይጨምርበት ማውራት አይሆንለትም። ሆላንድ፣ ቭላርዲንገን ከተማ ባለ የአረጋውያን ቤት ውስጥ የሚንከባከባቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ ሚስተር ሃርዊን፣ በልጅነታቸው ክሪኬት ተጫውተው እንደነበር በሰማ በሳምንቱ፣ ሮተርዳም ቤተክርስቲያን ለእትዬ ጥሩአየሁ «ለእንግሊዝ በአንድ ጨዋታ መቶ ነጥብ ያገቡ ጀግና ናቸው» ብሎ ለቀቀው። ወሬው ባቡር ሳይጠብቅ ዴንሃግ ገባ።

እትዬ ጥሩአየሁ ድፎ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። በሚችሏት ሆላንድኛ ስለ መቶዋ አመስግነው ሄዱ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ምንድነው የነገርካቸው?»

«ትንሽ ጨመርኩበት።»

«የተጫወትኩት አንድ ጨዋታ ነው። አንዲት ኳስ ወረወሩልኝ፣ ሳትኳት፣ ከኋላዬ የቆሙትን እንጨቶች ጣለቻቸው። ዜሮ ይዤ ከሜዳ ወጣሁ። በማግሥቱ የሚቀጥለውን ጨዋታ ዝናብ አስቀረው። ደግመው አልጠሩኝም።»

«ታዲያ መቶ ቢባልልዎ ምን ይጎዳል?»

«ያቺ ኳስ የኔ ናት። መቶው የማን እንደሆነ አላውቅም። ስሞት ቆመህ እውነቱን ትነግራቸዋለህ። ማልልኝ።»

ማለላቸው።

ኅዳር ላይ ሞቱ። ዘመድ አልነበራቸውም። እትዬ ጥሩአየሁ «ሰው ብቻውን አይቀበርም» ብለው ከሩቁ ቢልመር ሳይቀር አሥራ አራት ሰው ሰበሰቡ። ሁሉም ለጀግናው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

«የሕይወት ታሪካቸውን አንብብ» አሉት።

እኛ ዘንድ ሰላምታ ሲነፍግ የኖረ ሰው እንኳ ቀብሩ ላይ ለጋስ ይባላል። መቶዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ሽባባው ወረቀቱን አጠፈው።

«አንድ ቀን ተጫወቱ። አንዲት ኳስ ወረወሩላቸው፣ ሳቷት። ዜሮ ነው ያገቡት። ከዚያ ዴንሃግ መጥተው ሠላሳ ዓመት የሰው አገር ልጆችን ጨዋታ አስተማሩ። መቶውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ፣ ለቀብሩ ከመጡት አንዱ፣ ማዕረግ፣ አጉተመተመ። «ለዜሮ ነው እንዴ ፈረቃ የቀየርኩት?»

እትዬ ጥሩአየሁ ዞር አሉ። «አንተስ ስንት አግብተህ ነው?»

ሽባባው እንዳያባርሩት ፈርቶ መሬት መሬቱን ያያል። እሳቸው ግን ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ሙሾ አወረዱ።

«አንዲት ኳስ ጥላቸው ዝናብ የቀደማቸው፣
የሰው አገር ልጆች ልጅ የሆኑላቸው።»

ሰዉ ተቀበላቸው። ሽባባው አካፋ ይዞ አፈር ለማልበስ ጎንበስ ብሎ ቶሎ ቀና ማለት አቃተው። ማዕረግ ኮፍያውን አውልቆ አካፋውን ተቀበለው።