የአባት አግዳሚ

የጀልባዋ ሆድ ላይ አንዱ ሳንቃ በስብሶ ኖሮ፣ ጀልበኛው በቢላዋ ጫፍ ሲነካው እንደ ሳሙና ገባለት። ወዲያው የሚስቱን ወንድም አስጠራ፤ አናጢ ነው፤ ቀልዱንም ቁም ነገሩንም በአንድ ፊት የሚናገር ሰው።

አብረው እንጨት መሸጫ ሄዱ። ጀልበኛው ጉጥ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ነጭ ጣውላ አይቶ ወደደ። አናጢው ግን በአንድ እጁ አንሥቶ መለሰው፤ ለቁም ሣጥን ይሆናል እንጂ ውሃ ውስጥ ዓመት አይዘልቅም አለ። ቀዩ ጣውላ ደግሞ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ገና ትናንት የተሰነጠቀ እርጥብ ነው። እሱ ቢመታ ሲደርቅ ይሰበሰብና መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል።

«ታዲያ ከርሞ የደረቀ ከየት ላምጣ?»

«እናትህ ቤት አለ» አለ አናጢው። «ተቀምጠህበት አድገሃል።»

በረንዳው ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ማለቱ ነው። አባት በእጃቸው የሠሩት፣ ከሞቱ ወዲህ በእሳቸው ጫፍ ሰው የማይቀመጥበት። ጀልበኛው ማዕበል ባይፈራም እናቱን ይፈራል። ሄዶ ውሃ ጠጣ፤ ስለ ጣራው ጠየቀ፤ ስለ ጎረቤትም ጠየቀ።

«አግዳሚውን እንደ ሙሽራ የምታየው ምን ሆነህ ነው?» አሉት እናቱ።

ነገራቸው። እናት ከአግዳሚው ላይ ትራሳቸውን ራሳቸው አነሡ።

«አባትህ ቢኖር ጀልባዋን ነው የሚመርጥ። እኔንም ቢሆን ለእሷ ትቶ ሲሄድ ነው የኖረው።»

አናጢው መጥቶ አግዳሚውን ገልብጦ በመዶሻው እጀታ ዳር እስከ ዳር አንኳኳ። በአባት ጫፍ በኩል ድፍን ድምፅ ሰጠ። እናት በሚቀመጡበት በኩል ግን ውስጥ ውስጡን ምስጥ በልቶት ባዶ ሆኗል። ጀልበኛው ደንግጦ እናቱን አየ፤ ይህን ያህል ጊዜ በምን ተቀምጠው ኖሩ?

«እንኳን ገለበጣችሁት» አሉ እናት፣ «አንድ ቀን ወድቄ መሳቂያ ልሆን ነበር።»

ደህናው ክፍል ለሳንቃው በቃ። አናጢው ልኩን ጠርቦ ገጠመው፣ መጋጠሚያውን በዝፍት ደፈነው። ጀልባዋ ውሃ በገባች ቀን በአዲሱ ሳንቃ ዳር ዳር ውሃ ሲገባ ጀልበኛው ጣሳ ይዞ ሲቀዳ ዋለ። አናጢው ዳር ቆሞ፣ ደረቅ እንጨት ውሃ ጠጥቶ አብጦ ክፍተቱን እስኪዘጋ መታገሥ ነው አለው። ባያምነውም ታገሠ። በማግስቱ የጀልባዋን ሆድ በመዳፉ ዳበሰው፤ ደረቅ ነበር። መረቡን ጭኖ ሄደ።