የማይደነስበት ታንጎ

በቦኤዶ ሰፈር ክለብ የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ላይ «ዝም ያለው አልጋ» የተባለው ታንጎ ሲጀመር የሚደንስ ሰው አልነበረም። ጥንዶቹ ወለሉን ለቀው ይቀመጣሉ፣ ወንዶቹ ሲጋራቸውን ያጠፋሉ፣ ሴቶቹ ያማትባሉ። በሕፃኑ ባዶ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ በሚያንጎራጉር አባት ሐዘን ላይ መደነስ ነውር ነው። ዘፈኑ ለሞተች ልጅ እንደተገጠመ የማያውቅ የለማ።

ችግሩ ልጅቱ አለመሞቷ ነው። ዴልፊና ትባላለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ገበያው ጥግ ትኩስ ፓስታ ትሸጣለች፣ ሳቋ እስከ ማዶ ይሰማል። ሰፈርተኛው ግን ሞታለች በሚላት ታላቅ እህቷ ምትክ የመጣች የካሳ ልጅ አድርጎ ስለሚቆጥራት፣ ዘፈኑ በተጀመረ ቁጥር ትከሻዋን እየደባበሰ ያጽናናታል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ዴልፊና እንደተወለደች ሰባት ወር ሙሉ ሌት ተቀን አለቀሰች። በስምንተኛው ወር አያቷ ለወላጆቿ አዝና ለአንድ ሳምንት ወደ ላ ፕላታ ከተማ ወሰደቻት። ልብስ ሰፊው አባቷ ዶን ኤቫሪስቶ በመጨረሻ ልተኛ ብሎ ጋደም ቢል፣ ጸጥታው አላስተኛው አለ። ናፍቆቱ ሲብስበት ባዶው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ግጥሙን ጻፈ። ግጥሙን የተቀበለው ዘፋኝ ደግሞ በሸክላ ሲያስቀርጸው የራሱን ልቅሶ ጨመረበት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይመልሰው።

ዴልፊና ለራሷ በተገጠመ ዘፈን አንድም ቀን ደንሳ አታውቅም። አሁን አባቷ ሰባ ስድስት ሞልቶታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዳሌው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፣ ከዚያ በኋላ ደህና አድርጎ መቆሙም አይታወቅም። ዛሬ ካልሆነ መቼም እንደማይሆን ስለገባት አብሯት እንዲደንስ ለመነችው።

«አይሆንም» አላት። «ዶኛ ኤርሲሊያን አታያትም?»

ዶኛ ኤርሲሊያ የስምንት ወር ልጇን በትኩሳት ከቀበረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ያንን ዘፈን ለመስማት ስትል በየእሑዱ የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ትሰየማለች።

«በእኔ ዘፈን አልቅሳ ነው የጸናችው። አሁን ሄጄ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የጻፍኩት ልበላት?»

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ዴልፊና። እጇን ሊይዛት ሲል ተነሥታ ሄዳለች።

አሮጊቷ አጠገብ ተቀምጣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ዶኛ ኤርሲሊያ መሐረቧን አወጣች። ዴልፊና ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

«ሰባት ወር ሙሉ?» አለች አሮጊቷ።

«ሰባት ወር፣ ዶኛ ኤርሲሊያ። የታች ቤት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድብ ነበር አሉ።»

አሮጊቷ መሐረቧን ወደ ዓይኗ አነሣች። ልታለቅስ ነው ሲባል ሳቀች። «የእኔውም እንደዚያው ነበር። እኔና አባቱ ‹ተነሺ›፣ ‹ተነሣ› እየተባባልን በክርን እንጓሸም ነበር። ይኸው ሞቱን ብቻ ይዤ፣ ጩኸቱን ረስቼው ኖርኩ።»

ባንዱ ዘፈኑን ጀመረ፤ ወለሉ ባዶ ሆነ። ዶኛ ኤርሲሊያ ቀና ብላ ከማዶ የተቀመጠውን ዶን ኤቫሪስቶን ትክ ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። በዚያ አዳራሽ ለዳንስ በራስ ንቅናቄ የሚጋብዘው ወንዱ ነው፤ ሴት ዓይኗን ትሰጣለች እንጂ ቀድማ አትነቀንቅም። ዳሩ ግን አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ሰው ሁሉ እያየ ከነቀነቀች እምቢ ማለት አይቻልም። ዶን ኤቫሪስቶ ፊቱ ገርጥቶ እያነከሰ መጣ።

«ከእኔ ጋር አይደለም» አለችውና የዴልፊናን እጅ እጁ ላይ አስቀመጠች። «እንቅልፍ ከነሳችህ ጋር ደንስ።»

አባትና ልጅ ቀስ ብለው ደነሱ። ደህናው እግሩ ላይ ያዘነብላል፤ እሷ ክብደቱን ደግፋ ትከሻው ላይ በደስታ ታለቅሳለች። ከኋላ አንድ ሰው «ነውር ነው» አለ።

ከፊተኛው ጠረጴዛ ግን ሳቅ ተሰማ። ዶኛ ኤርሲሊያ ለሴቶቹ፣ ሕፃኑ ቶማሲቶዋ ማልቀስ ሲጀምር የመንገዱ ውሾች ሁሉ እንዴት ያጅቡት እንደነበር እየነገረቻቸው ነበር። የተቀበረበትን ቀን ሁሉም ያውቁታል፤ እንዲህ ያለ ጯሂ እንደነበር ግን የሰማ አልነበረም። ሴቶቹ እየሳቁ ስለ እሱ ይጠይቋት ጀመር።