ከፍ ተደርጎ የሚዘጋው በር

የኢንሹራንስ ድርጅቱ ከጥቅም ውጪ የሆኑ መኪኖችን የሚያከማችበት ግቢ ከከተማው ዳር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ይገኛል። መኪኖቹ እንደ ወደቁ ተጥለዋል፤ አንዳንዱ በጎኑ፣ አንዳንዱ በጣሪያው፣ አንዳንዱም ከኋላ ሲያዩት ጤነኛ፣ ዞረው ከፊት ሲያዩት ፊት የሌለው ነው። በዚያ ግቢ የሚመላለሱ ገዢዎች የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ገምጋሚው «አትጠገንም» ብሎ የፈረመባትን መኪና «ሬሳ» ይሏታል። ገዝቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀብቶ ወደ መንገድ መመለሱን ደግሞ «ማስነሳት» ይሉታል። ይህን ሲሉ ክፋትም ሆነ ድፍረት የለባቸውም። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠራውን ቃል አያዳምጠውም።

ስቱኮም እህቱ ከአፏ እስክታወጣው ድረስ ቃሉን አዳምጦት አያውቅም ነበር።

ስቱኮ የመኪና አካል ቀጥቃጭ ነው። ስሙ የወጣለት ሌሎች ቀጥቃጮች በመዶሻ የሚያቃኑትን ጎድጓዳ እሱ ስቱኮ የሚባለውን የመሙያ ጭቃ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም አልብሶ ስለሚሸኝ ነው። «የስቱኮ ሥራ ዝናብ እስኪነካው ያምራል» እያሉ ሲቀልዱበት አይቀየምም፤ «ፊት እንጂ አጥንት ማን ያያል?» ብሎ ይመልስላቸው ነበር። ጋራዡ ጠባብ ናት። ከግድግዳው ላይ የበርና የኮፈን ቅሪቶች ተደግፈው ይታያሉ፤ ከበስተ ጀርባ ደግሞ ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ የኋላ ወንበር አለ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

እህቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ያንን ቃል የተናገረችው።

ባሏ ዕድሜያቸውን በሙሉ መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩም «ሾፌሩ» እንጂ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ልባቸው ደክሞ አልጋ ሲይዙ፣ ሰማያዊዋን መኪናቸውን ለአንድያ ልጃቸው አስረከቡ። ልጁ በዚያችው መኪና ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገብቶ የሞተው አባቱ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነው። ሐኪሙ እናቲቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ልባቸው በቀዶ ሕክምና እስኪጠገን ድረስ እኚህ ሰው መርዶ አይችሉም፤ ከሰሙ አይተርፉም አላት። እሷም ልጇን ቀበረች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ልብሷን ለውጣ ወደ ባሏ አልጋ ተመለሰች። ልጁ ሩቅ አገር የመንገድ ሥራ ላይ ሹፌርነት አግኝቶ በድንገት መሄዱን፣ ስልክ የማይሠራበት በረሃ መሆኑን፣ መኪናዋም ቀለሟ እንዲታደስ አጎቱ ጋራዥ መግባቷን ነገረቻቸው። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም ቃሏን ጠበቀላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ አገር ምድሩ የሰማውን ሾፌሩ ብቻ ሳይሰሙ ቀሩ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ተኙ፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቃረብ ግን እምቢ አሉ። ልጄን ሳላይ ቢላዋ አይነካኝም አሉ። ሚስታቸው ለመነቻቸው፤ ሐኪሙ ለመናቸው፤ የንስሐ አባት ቢመጡም አልሰማም አሉ። በመጨረሻ፣ ልጁ ከራቀ መኪናዋን አምጡልኝ፣ እሷን ልያት አሉ። እሱ ሳይሰናበተኝ ሊሄድ ይችላል፤ ልጅ ነው፤ መኪናዋን ግን እንደ ነገሩ ጥሎ አይሄድም። እሷ ደህና ከሆነች እሱም ደህና ነው አሉ።

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?» አለችው እህቱ። «መኪናዋን አስነሳልኝ፣ ወንድሜ።»

ስቱኮ ያን ጊዜ ቃሉን አዳመጠው። ቀና ብሎም አላያትም።

«እትዬ፣ እሷ እኮ አትጠገንም ተብሎ ተፈርሞባታል።»

«እሱስ ተፈርሞበት የለም? መኪናዋን ነው ያልኩህ።»

በማግስቱ ወደ ግቢው ሄደ። ሰማያዊዋን መኪና ከአጥሩ ጥግ አገኛት። ፊቷ እስከ ሾፌሩ ወንበር ድረስ ተጨፍልቆ ገብቷል፤ የበሩ ምሰሶ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የወንበሩን ቀበቶ ልጁን ያወጡት ሰዎች በመቀስ ቆርጠውታል፤ ጫፉ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ስቱኮ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያያት፣ ሁሉን ነገር በኪሎ ስለሚገምት «ሚዛን» የተባለው ብረት ነጋዴ ከኋላው መጣ።

«ስቱኮ፣ ዓይንህን አመመህ እንዴ? ይቺን በርሜል ሙሉ ብትለቀልቃትም አትነሳም። እኔ በኪሎ ልውሰዳት፤ አንተ ለቅሶ ድረሳት።»

ገዢዎቹ ሳቁ። ስቱኮ አልሳቀም። ከሳቁት አንዱ ነገሩን ያውቅ ኖሮ አፍሮ ሳቁን አቋረጠና ወደ ሚዛን ጆሮ ጠጋ አለ። መኪናዋ የማን እንደ ሆነች፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረውም ማን እንደ ሆነ ነገረው። ሚዛን ባርኔጣውን አወለቀ።

«አፌን በቆረጠው» አለ። ጨረታው ሲከፈትም ከስቱኮ በቀር ዋጋ የጠራ አልነበረም። የጎታች መኪናውን ሰንሰለት ተሸክሞ ያመጣው፣ ተንበርክኮም ከሥሯ ያሰረው ሚዛን ራሱ ነው።

ስቱኮ ያቺን መኪና ከማንም ይበልጥ ያውቃታል። በመሪው በኩል ያለው በሯ ከጥንትም የተንጋደደ ነበር። ልጁ ትንሽ ሳለ፣ አባቱ መኪናዋን ሲያጥቡ የተከፈተው በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ዥዋዥዌ ይጫወት ነበር፤ በሩም ከነምሰሶው ሰገደ። ከዚያ ወዲህ ያ በር ወደ ላይ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። የቤተሰቡ ሰላምታ እስኪመስል ድረስ፣ አዲስ ሰው መሪ በያዘ ቁጥር ሁሉም በአንድ ድምፅ «ከፍ!» ይሉት ነበር። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ይህን አቃናልኝ ብለው ስቱኮን ጠይቀውት ነበር። እሱም መረመረና፣ ጥፋቱ የማጠፊያው ሳይሆን የምሰሶው ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ካልተቆረጠ አይቃናም፤ የጤነኛ መኪና ምሰሶ አይቆረጥም፣ ምሰሶ የሚቆረጠው ሬሳ ላይ ብቻ ነው ብሎ መልሶላቸው ነበር። እሳቸውም «እንግዲያስ ከፍ እያደረግን እንኖራለን» ብለው ስቀው ተዉት።

ስቱኮ ሥራውን ጀመረ። ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ከኋላ የተመታች ሌላ መኪና ፈልጎ አገኘና ፊቷን ቆርጦ ወሰደ። አጥንቷን፣ ሻንሲውን፣ በሰንሰለት ወጥሮ ሳበው፤ ለካው፤ እንደ ገና ሳበው። ወንበሩን አውጥቶ ከጋራዡ ጀርባ አቃጠለው፤ ጭሱ እስኪያልቅም ከዚያ አልተነቃነቀም። ቀበቶውን በተመሳሳይ ቀለም ተካ። የስቱኮ ጭቃ ግን አላስነካትም። ማንም አላዘዘውም፤ በዚያች መኪና ላይ ጎድጓዳን በጭቃ መሙላት እጁ እምቢ አለው። እያንዳንዷን ስርጉድ ከውስጥ በመዶሻ፣ ከውጭ በብረት ደግፎ፣ ቀስ እያለ አወጣት። የሙያ ጓደኞቹ ብቅ እያሉ ያዩና፣ ዛሬስ ስቱኮ ስሙን ሊለውጥ ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሄዱ ነበር።

እህቱ በየቀኑ ትመጣለች። ቤቷ ውስጥ ማልቀስ አትችልም፤ የባሏ አልጋ ከግድግዳው ማዶ ነው። መንገድ ላይም አትችልም። መጥታ ያ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥና፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ቀጥቅጥ፣ ወንድሜ» ትለዋለች። እሱም የሚቀጠቀጥ ነገር ቢኖርም ባይኖርም መዶሻውን አንስቶ ይቀጠቅጣል። ከመዶሻው ድምፅ በታች እሷ ልጇን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። ሲበቃት ትነሳለች፤ ከበርሜሉ ውኃ ቀድታ ፊቷን ትታጠባለች፤ «ዓይኔ ቀላ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ቢቀላም አልቀላም ይላታል።

ምሰሶውን ቆርጦ ከሌላዋ መኪና ባመጣው ምሰሶ ተካው። ብየዳውን ሞርዶ፣ ሞርዶ ስፌቱን አጠፋው። በሩን ሰቀለና በአንድ ጣቱ ገፋው፤ በሩ ሄዶ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው፤ ደግሞ ገፋው፤ ቀጭ። ስቱኮ በሕይወቱ እንዲህ የተስተካከለ በር ሠርቶ አያውቅም። ልጁ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡን ደስ አለው። እጅ ቀናውን ነገር ሲያገኝ ጠማማውን ይረሳል፤ እሱም ረሳ።

መኪናዋን የወሰደላቸው ከቀትር በኋላ ነው። እህቱ በረንዳውን አጥባ፣ ባሏን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፍና ትጠብቅ ነበር። መኪናዋ በበሩ ስትገባ ሾፌሩ ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እህቱ ልትደግፋቸው ስትነሳ፣ አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ወንድምሽ ይበቃኛል አሏት። ክንዱን ይዘው፣ በየርምጃው እያረፉ ወረዱ። መኪናዋን ዞሯት። መዳፋቸውን ከኮፈኗ እስከ ጣሪያዋ ድረስ አስኬዱ።

«በልጅነቷም እንዲህ አላማረች» አሉ። «ስንት ቆርቆሮ ስቱኮ ጨረስክባት?»

«ምንም አልነካትም፣ ጋሼ።»

«አንተ? ያለ ስቱኮ?» ፈገግ አሉ። «ስቱኮ ያለ ስቱኮ ከሠራማ አንድ ነገር አለ።»

ለቀልድ ነበር የተናገሩት። በሩን ከፍተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፤ ስቱኮም ዞሮ ከጎናቸው ገባ። እህቱ ከበረንዳው እጆቿን አጣምራ ታያቸዋለች። ሾፌሩ እንደ ልማዳቸው የበሩን እጀታ ይዘው ወደ ላይ ከፍ አደረጉ። በሩ ከፍ አልል አለ። ተገርመው ለቀቁት፤ ሳብ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ከፈቱት። ከፍ ሳያደርጉ ሳቡት። ተዘጋ።

ስቱኮ ያን ጊዜ አስታወሰ፤ ማስታወሱ ግን ዘግይቶ ነበር። የሾፌሩ እጅ በምሰሶው ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ዓይን የማያየውን ስፌት ጣታቸው አገኘው፤ እዚያም ላይ ቆመ።

«ምሰሶውን ቆርጠኸዋል» አሉ።

ስቱኮ ዓይኑን ወደ ጭኑ ሰበረ።

«የጤነኛ መኪና ምሰሶ አይቆረጥም ያልከኝ አንተ ነህ። እዚሁ ግቢ ነው ያልከኝ።»

«ጋሼ...»

«የት አሳረፋችሁት?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ እውነቱ ቀደመው። «ከእናትዎ ጎን» አለ።

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ከፊት ለፊት መስተዋቱ ማዶ፣ መንገድ እንዳለ ሁሉ፣ ግንቡ ላይ ተተክሎ ቆየ። ስቱኮ የሐኪሙን ቃል አስቦ ትከሻቸውን ያዘ፤ እህቴን ልጥራት ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው እጁን ከትከሻቸው ላይ አነሱት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻዋ ተሸከመችው?»

«ለብቻዋ፣ ጋሼ።»

«እንዳወቅሁ አትንገራት። እኔን ለማትረፍ ብላ እንባዋን ዋጠችው፤ ካወቅሁ በከንቱ ዋጠችው ማለት ነው። ሆስፒታሉን እሺ ብለዋል በላት። ብወጣም፣ ባልወጣም እገባለሁ።» ትንፋሻቸው አጠረ፤ ጥቂት ጠበቁ። «አሁን አስነሳት።»

ስቱኮ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ሾፌሩ እግራቸውን ነዳጅ መስጫው ላይ ጫኑ፤ ግንባራቸውንም መሪው ላይ ደፉ። ሞተሩ ጮኸ፤ ደግሞ ከፍ ብሎ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ጩኸት በታች ሾፌሩ ምን እንደሚሉ፣ ማንን እንደሚጠሩ የሰማው ከጎናቸው ያለው ሰው ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ እህቱ ፈገግ አለች። ባሏ የመኪናቸውን ድምፅ የሚሞክሩ መሰላት፤ ደስታዋን ልታሳያቸውም እጇን አነሳች። ጩኸቱ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ። ያነሳችው እጅ በአየር ላይ ቆመ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ወርዶ አፏ ላይ አረፈ። ጥቂት አዳመጠች። ባሏ ቀና ብለው ሳያይዋት ቶሎ ዞራ ወደ ቤት ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

ሾፌሩ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አላነሱም።