ከሰርጉ በኋላ

ቄስ እንዳላማው ነገር የሚያሳድሩ ሰው አልነበሩም። ጎረቤታቸው ገና ሞፈር ሲጠርብ እርሳቸው ድንቻቸውን ተክለው ይጨርሳሉ፤ የተጣላ ሰው ካለም ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስታርቃሉ። ሮብ ገበያ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክርላቸዋል። በሕይወታቸው ያሳደሩት አንድ ነገር ቢኖር የልጃቸውን ጥርስ ነው።

ልጃቸው ዲያቆን ታዲዮስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዶ፣ ቁራሽ እየለመነ ድጓ ተምሮ ተመልሷል። ቆሞ “ለጸሎት ተንሥኡ” ሲል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ እንኳ ሳያስበው ብድግ ይላል። ቄሱ በዚህ ድምፅ ይኮሩ ነበር። ኩራት ኃጢአት ነው እያሉ ለሌላው ይሰብካሉ፤ ልጃቸው ዜማ ሲያነሣ ግን ፊታቸው ሲያበራ የማያይ ምእመን አልነበረም።

በኅዳር የታዲዮስ ግራ ጉንጭ አበጠ። ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ቄሱ በባትሪ አፉን አዩት፤ ጥርሱ ነጭ ነው፣ የተበላም የተሸረፈም የለበትም።

“ምንም የለብህም፤ ብርድ ነው” አሉት።

የጮቄ ብርድ የማይታማበት ነገር የለምና ልጁም አመነ። አፉ አልከፈት ብሎ እንጀራ መጉረስ ሲያቅተው ግን ደብረ ማርቆስ ወረዱ። የጥርስ ሐኪሙ ደመላሽ የሚባል ወጣት ነው። መጀመሪያ የእብጠቱን መድኃኒት ሰጣቸው፤ ጉንጩ ጋብ ብሎ ሲመለሱ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አሳያቸው።

“አባ፣ ይህን ያዩታል? የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ነው የሚበቅለው። መውጫ ስላጣ ከድዱ ሥር አግድም ተኝቷል። ላም በበረት በር ላይ ስትተኛ እንደማለት ነው፤ ራሷም አትወጣ፣ ሌላውንም አታሳልፍ።”

“ይህማ ስንቱ ሰው አለው” አሉ ቄሱ።

“ብዙ ሰው አለው። ቀጥ ብሎ ከወጣ፣ ካላስቸገረም አይነካም። የታዲዮስን ግን ድዱ እንደ ክዳን ግማሹን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ እህል እየገባ ይመግላል። ሦስቴ ያበጠ አራተኛም ያብጣል፤ አንድ ቀን ወደ አንገት ይወርዳል። ደግሞ የሚወጣው እንዲህ ጋብ ሲል ነው። ዛሬ ላውጣለት።”

ታዲዮስ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ አባቱን አየ። ቄሱ ግን የሚያስቡት ጥርን ነበር። ከጥምቀት በኋላ ታዲዮስ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤልን ልጅ መቅደላዊትን በተክሊል ያገባል። ከአፉ ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም፤ ሙሽራው ካልቆረበ ተክሊሉ ይቀራል፤ ተክሊሉ ከቀረ ዲያቆኑ ቄስ አይሆንም። መሪጌታውም ቢሆኑ ለሌላ ቀን የሚለምኗቸው ሰው አይደሉም።

“ይደማል?” አሉ።

“አንድ ሁለት ቀን። በሁለት ሳምንት ቁስሉ ይጠግጋል። ለሰርጉ ገና አምስት ሳምንት አላችሁ።”

“በሰርጉ ቀን እንደማይደማ ትምልልኛለህ?”

ሐኪሙ ፈገግ አለ። “በሰው ሥጋ አይማልም፣ አባ። ግን አይደማም ባይ ነኝ።”

ይህችን “ባይ ነኝ” ቄሱ ያዟት። ከጠቅላላው ንግግር ይዘዋት የወጡት እሷን ብቻ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ታዲዮስ ቀስ ብሎ “አባ፣ ባወጣው ይሻለኝ ነበር” አላቸው። “ከሰርጉ በኋላ ይነቀላል” አሉት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ለስንት ሰው የተረቱት እርሳቸው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ትዝ አላላቸውም።

ሰርጉ አማረ። ታዲዮስ ካባ ደርቦ፣ ዘውድ ደፍቶ ከሙሽራዪቱ ጋር ቆረበ። መሪጌታው እንኳ፣ ሰው ማመስገን የሚከብዳቸው መሪጌታ፣ “ልጅ ወልደዋል” አሏቸው። ቄሱም ያን ቀን አለቀሱ። ጥርሱ ደግሞ ዝም ብሎ ነበር፤ ዝም ያለውን ነገር ሁሉ ሰው የዳነ ይመስለዋል።

“እንግዲህ ሐኪሙ ጋ ልውረድ” አለ ታዲዮስ በየካቲት።

“ጾም ገባ እኮ፤ ቀዳሽ ቸግሮናል። ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለህ።”

በጾሙ እኩሌታ ጉንጩ አበጠ። ከጤና ጣቢያው በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው። ቀዳሽ ዲያቆን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን አያሟሽም፤ ውሃም፣ እንክብልም ከንፈሩን አይነካም። ቄሱ “ማታ ማታ ዋጠው” ብለው ፈረዱ።

“ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ብሏል፣ አባ” አለች መቅደላዊት።

“ሐኪሙ አይቀድስም” አሏት።

የደብረ ዘይት እሑድ ታዲዮስ ነጠላውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ቀደሰ። ድምፁ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው ሆኖ ነበር። ቄሱ ከመንበሩ አጠገብ ሆነው ሰሙት፤ ሰምተውም ቅዳሴውን ጨረሱ። በማግስቱ አንገቱ እስከ ደረቱ ደንድኖ፣ ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ምራቁ በአገጩ ላይ ይወርድ ጀመር። ተኛ ቢሉት ትንፋሽ እያጠረው ተነሥቶ ይቀመጣል። መቅደላዊት አማቷን አላስፈቀደችም። መንገድ ላይ ወጥታ ድንች የጫነ አይሱዙ አስቆመች፤ ባሏን ከሾፌሩ ጎን አስቀምጣ፣ ራሷ ጆንያው ላይ ወጣች። ቄሱ ያን ጊዜ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ ሮጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል።

ሆስፒታል እንደደረሱ አንገቱን ሁለት ቦታ ቀደው መግሉን አፈሰሱ፤ እንዲተነፍስ ጉሮሮውን ከፍተው ቱቦ አስገቡ። ብዙ ቀን ከሞት ጋር ሲታገል ሰነበተ። በመጨረሻ ጥርሱን አወጡለት፤ ባቄላ የማታህል ነገር። መቅደላዊት በጨርቅ ጠቅልላ ያዘቻት፤ ቄሱ ሊያዩዋት አልፈለጉም።

ታዲዮስ ተረፈ። አፉ ግን ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም፤ ከጉሮሮው የሚወጣውም በሻካራ ድንጋይ ላይ ቢላ ሲሳል የሚሰማው ዓይነት ሆነ። ሐኪሞቹ ምናልባት በጊዜ ብዛት ይሻለው ይሆናል አሏቸው። ይማሉልኝ ብለው ቄሱ አልጠየቁም።

ሰኔ ሚካኤል ሲነግሥ ታዲዮስ መቋሚያውን ይዞ ከካህናቱ መሐል ቆመ። ሲወዘወዙ ይወዘወዛል፤ ሲያሸበሽቡ ያሸበሽባል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም። ቅዳሴው ላይ “ለጸሎት ተንሥኡ” ያለው ከሌላ ደብር የተለመነ ዲያቆን ነበር። ሽማግሌዎቹ ዘግየት ብለው፣ ጉልበታቸውን እያሹ ተነሡ። ቄስ እንዳላማው ከመጋረጃው ውስጥ ሆነው ያን መዘግየት ሰሙትና የሚቀጥለው ንባብ ጠፋቸው። አብሯቸው የሚቀድሰው ንፍቁ ቄስ አስታወሳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ጠላና ዳቦ ቀርቦ ሰው ያጽናናቸው ጀመር። አንዱ “ዋናው በነፍስ መትረፉ ነው” አለ። ሌላው “ተክሊሉንም በወጉ አግኝቷል፤ እሱም ቀላል አይደለም” አለ።

“እግዚአብሔር ፈተነን” አሉ ቄሱ። “የእርሱን ሥራ ማን ያውቃል።”

ታዲዮስ ዳቦውን በጣቱ እየፈረፈረ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ወደ አፉ ይከት ነበር። ቀና አለ። ከአባቱ ጋር በሰው ፊት ተከራክሮ አያውቅም። ሰው ሁሉ ሊሰማው ብሎ ጠጋ አለ፤ ካልቀረቡት በቀር የማይሰማ ድምፅ ነበርና።

“አባ፣ እግዚአብሔር ሐኪሙ ቤት አልተከራከረም” አለ። “እርስዎ ነዎት።”

ቄስ እንዳላማው የያዙትን ዳቦ ቆርሰው፣ በጣታቸው አድቅቀው፣ ለልጃቸው አቀረቡለት። ታዲዮስ አልተቀበላቸውም። መቅደላዊት እጇን ዘርግታ ከአማቷ ተቀበለችና ለባሏ ትፈረፍርለት ጀመር።