ቤንዚኑ የት ገባ?

አቶ ኪዳነ ወልድ ሾርላይን የምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ዘጠኙን ዓመት ያሳለፉት ከአንዲት አረንጓዴ፣ የዘጠና ሦስት ሞዴል መኪና ጋር ነበር። ልጃቸው ኖላዊት በደወለች ቁጥር «አባ፣ ጀስት ሴል ኢት» ትላለች። እሳቸውም «እኔንም አብረሽ ሽጪኝ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።

በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ ላይ ግን ይህች የሚኮሩባት መኪና አሳፈረቻቸው። በአንድ ጋሎን ሃያ ሰባት ማይል ስትሄድ የኖረች መኪና አሥራ ስምንትም አልሞላ አላት። ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ማይሉን ዜሮ የማድረግ ልማድ ስላላቸው ነገሩ አልተሰወራቸውም።

ቼሪ ጎዳና ላይ ስለ መኪና ሁሉን አውቃለሁ የሚል ብዙነህ የሚባል ወዳጅ አላቸው። «ካንዴላው ነው» አላቸው፤ ካንዴላ ቀየሩ። «እንግዲያው አየር ማጣሪያው ነው» አለ፤ እሱንም ቀየሩ። የጎማውን ነፋስ ሳይቀር አስለኩ። መኪናዋ ግን መጠጣቷን አልተወችም።

አንድ ቅዳሜ በመስኮት ሲመለከቱ ከታች ፎቅ የሚኖረው ኡርጌሳ ከቀይ ጀሪካን ወደ ቅጠል መጥረጊያ ማሽኑ ቤንዚን ሲቀዳ አዩት። ኡርጌሳ በበጋ የሰው ግቢ ሣር ያጭዳል፣ በክረምት ቅጠል ይጠርጋል። ፒካፑን የሚያቆመው ደግሞ ከአረንጓዴዋ መኪና አጠገብ ነው።

«ለካ ወዲህ ነው!» አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ ለራሳቸው።

በዚያው ቀን ቁልፍ ያለው የታንከር ክዳን ገዝተው ገጠሙ። ሰላምታም አቆሙ። ኡርጌሳ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ሲላቸው ሰማይ ሰማዩን እያዩ ያልፋሉ። በሳምንቱ ሲሞሉ ግን አሥራ ሰባት ማይል ሆነ። ይብስ ብለው «ቁልፉን አስቀርጾታል!» አሉ።

ነጂባ ነገሩ ውስጥ የገባችው በዚህ መሀል ነው። በዲቪ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሶዶ በሚባለው የከተማው ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች። ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች እንደምትመጣ ሲሰሙ፣ «እኔ እያለሁ?» ብለው ጠዋት ጠዋት ይወስዷት ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ገና መንገድ ሳያጋምሱ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ጋሼ ኪዳነ፣ ማሞቂያ የለውም እንዴ?»

«አለው። ግን ከገና ወዲህ የሚተነፍሰው ብርድ ነው። ጃኬት ምን ሊሠራ ተፈጠረ ታዲያ?»

ነጂባ አንገቷን አስግጋ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን ቀስት አየች። ይህን ያህል ተጉዘው ቀስቱ ከታች ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

«ታች መሆኑ ጥሩ አይደል? ሞተሩ አልጋለም ማለት ነው።»

«ቤንዚንስ? አትጠጣም?»

አቶ ኪዳነ ወልድ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሱን ተዪው። ሌባ አለብኝ።»

ነጂባ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሌባውን እኔ አሳይዎታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ ይጠብቁኝ፣ ኦኬ?»

ከእሷ ምን ይገኛል ብለው አልነበረም እሺ ያሉት፤ እንዳይከፋት ነው። ቅዳሜ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ኮፈኑን ስትከፍት፣ አከፋፈቷን አይተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «አባቴ ኑሩ መርካቶ ጋራዥ ነበረው» አለች። «ያደግኩት መኪና ሥር ነው።»

ሞተሩን አስነሥታ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ ባለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ላይ አኖረችው።

«ይሄ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት ነበረበት። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ በር ተከፍቶ ውሃውን ወደዚህ የሚለቀው። አሁንስ?»

«ለብ ለብ እያለ ነው» አሉ፣ ገና ከመነሣቱ።

«ሶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ውሃው ገና ሳይሞቅ እየሄደ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና የተነሣ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምርለታል። ማሞቂያውም የሚሞቀው በዚሁ ውሃ ነው። ሌባዎ ይኸው።»

አቶ ኪዳነ ወልድ እጃቸውን ከቱቦው ላይ ማንሣት ረሱ። ዓይናቸው ወደ ታችኛው ፎቅ ሄደ።

ገዝተው የመጡት አዲሱ ቴርሞስታት መዳፍ የማይሞላ ነገር ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው አሮጌውን ሊያወጡ ሲሉ ግን አንዱ ብሎን ዝጎ አልፈታ አለ። ነጂባ ስትታገል ኡርጌሳ ከቤቱ ወጣና አንድ የብሎን መፍቻ ቁልፍና የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ይዞ መጣ። ሳይጠሩት ተንበርክኮ ዘይቱን ብሎኑ ላይ ረጨ፤ ትንሽ ቆይተው ሁለቱ ተጋግዘው ፈቱት። አሮጌው ቴርሞስታት በዚያ ብርድ አፉን እንደከፈተ ወጣ።

አቶ ኪዳነ ወልድ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

«ኡርጌሳ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ቤንዚኔን የምትቀዳ መስሎኝ ነበር። ክዳን የቆለፍኩትም ባንተ ነው።»

ኡርጌሳ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ክዳኑን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እኔ እኮ የማሽኑ ጩኸት ረብሾዎት ተቀየሙኝ ብዬ ነበር! እንዳልቀሰቅስዎት ብዬ ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸክሜው ነው የማስነሣው። ወገቤን ይጠይቁት!»

«በሞትኩት!» አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ፤ እሳቸውም ሳቁ ያዛቸው። ወዲያው ግን ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት።

አዲሱን ገጥመው፣ ውሃውን ሞልተው ሦስቱም ለሙከራ ወጡ። ቀስቱ ቀስ እያለ ወጥቶ መሀል ላይ ረጋ፤ ሞቃት አየርም እግራቸውን ነካው። አቶ ኪዳነ ወልድ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ጃኬታቸውን አወለቁ። በሚቀጥለው ነዳጅ በጋሎን ሃያ ስድስት ማይል ሄደች፤ እሳቸውም ወሬውን ለኖላዊት ኮል አድርገው እስኪነግሩ አላስቻላቸውም።

ለሌላውም ሰው ነግረው ኖሯል። በሚያዝያ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሕንፃው ፊት ሦስት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ነጂባን ይጠብቁ ነበር። ኡርጌሳ ቁልፍ ያቀብላታል። አቶ ኪዳነ ወልድ ደግሞ መጪውን ሁሉ «ተራ ጠብቁ እንጂ! ባለሙያዋን አታጣድፏት!» እያሉ ያሰልፋሉ።